ሰነድ ቁጥር 318፣ እትም ሐ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በኖርድቫል ኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ እንደ እኔ አድርጎ የድጋፍ ሰነድ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ዛሬ ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ "ኧረ ተይ" የሚለኝ ሰው ሁሉ ስላለቀ አይደለም። ያኔም እለው ነበር፤ ያውም አለቆቼ ፊት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ደንበኛው ማሽኑ እምቢ ሲለው ስልክ ይደውላል። ምድር ቤት የተቀመጡት የስልክ ሠራተኞች ችግሩን ይሰሙና የእኔን ወረቀት ከማኅደር አውጥተው መስመር በመስመር ያነቡለታል። "አንድ፣ ማሽኑን ያጥፉ። ሁለት፣ የላይኛውን ዲስክ ያውጡ።" እኔ ፎቅ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ታች ያነባሉ፣ ደንበኛው ደግሞ ሰሜን ዳኮታ ወይም ካናዳ ሆኖ የታዘዘውን ያደርጋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰነድ ጽፌአለሁ። አንዱም ላይ "ምናልባት" የሚል ቃል አታገኙም። መሐንዲሶቹ "ምናልባት" ይወዱ ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶበት ላብ የሚያጠምቀው ሰው ግን "ምናልባት" ምን ያደርግለታል? እያወጣሁ እጥለው ነበር።

ኩባንያው ከተዘጋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ሕንፃው አሁን የመኪና ጎማ መጋዘን ነው። እኔም ሥራዬን አብሮ የተቀበረ አድርጌ ትቼው ነበር፤ ባለፈው ጥር ደኒስ የምትባል ሴት እስክትደውልልኝ ድረስ።

ደኒስ ከዱሉት ከተማ ፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች በኋላ ወደቡ አጠገብ ባለችው የድሮ ኮምፒውተሮች ቤተ መዘክር በበጎ ፈቃድ ታገለግላለች። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስትለይ የኖረች ሴት ናት። አንድ ሰው የኖርድቫልን ሰነዶች በአሥራ ዘጠኝ ካርቶን አምጥቶ ሲጥልላቸው ሌሎቹ ሸሹ፣ እሷ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"ሰነዶቹን በኢንተርኔት ለሕዝብ ልናወጣቸው ነው ወይዘሮ ሎርና" አለችኝ። "ከእያንዳንዱ ጎን የጻፈው ሰው ሁለት ሦስት መስመር ማስታወሻ ቢያኖርበት ደስ ይለናል። የአብዛኞቹ ግርጌ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው።"

"ሁለት ሦስት መስመር?" አልኳት። "ብዙ ወረቀት አዘጋጂ።"

ማክሰኞና ሐሙስ እየሄድኩ አብረን እንቀመጥ ጀመር። ያን ወረቀት እንደገና ማየት ደስ ይላል። ቁጥር 12፣ ማተሚያው ወረቀት ሲበላ። ቁጥር 97፣ ስክሪኑ አረንጓዴ ብቻ ሲሆን። ቁጥር 140፣ አይጥ ሽቦ ስትቆርጥ፤ ይህ የእውነት ነው፣ የእህል ጎተራ ያላቸው ደንበኞች ነበሩን። እያንዳንዱን አንሥቼ አነባለሁ፣ "ይህን ማን እንዲህ ጥርት አድርጎ ጻፈው?" እላለሁ፣ ደኒስም ሳትስቅ "እርስዎ" ትለኛለች። አንድ ሐሙስ ግን ታክቷት፣ "ወይዘሮ ሎርና፣ መልሱን ካወቁት ለምን ይጠይቁኛል?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወደድኳት።

ስለ ቬራም ነገርኳት። በኖርድቫል ማንኛውም ሰነድ ከመታተሙ በፊት ኮምፒውተር በማያውቅ ሰው መሞከር ነበረበት። ሞካሪያችን የሠራተኞች ምሳ ቤት ምግብ አብሳይዋ ቬራ ነበረች። ሽርጧን እንደታጠቀች መጥታ ማሽኑ ፊት ትቀመጣለች፣ ሰነዱ ይነበብላታል። ጸሐፊዋ፣ ማለትም እኔ፣ አጠገቧ ወንበር ላይ ሁለት እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ እቀመጥባቸዋለሁ። መጠቆም የለም፣ መናገር የለም። ጸሐፊ እጇ ነጻ ከሆነ ሳታስበው "እሱን ሳይሆን ይኼኛውን" ብላ ታሳያለች። ደንበኛው ቤት ደግሞ የእኔ እጅ አይደርስም። ቬራ ሳትደናገር እስከ መጨረሻው ከዘለቀች ሰነዱ ላይ ትፈርምና "እጅሽን አውጪ" ትለኛለች። አለፈ ማለት ነው። ቬራ "እጅሽን አውጪ" ስትለኝ የሚሰማኝን ደስታ በሠርጌ ቀን እንኳ አላገኘሁትም፤ ነፍሱን ይማረውና ባሌም ይህን ያውቅ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ቁጥር 318 ላይ ደረስን።

"ስለዚህኛው ጎብኚዎች ይጠይቁናል" አለች ደኒስ ወረቀቱን ሳታወጣ። "አንድ ቤተ መጻሕፍት ያጠፋው ሰነድ ይሉታል። እውነት ነው?"

"ሰነዱ አላጠፋም" አልኳት። "ያጠፋው ዊልበር ኦስትቢ ነው።" ነገሩንም እንደማውቀው ነገርኳት።

ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ሐይቁን ይዞ ወደ ሰሜን በሚሄደው መንገድ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደወለች። ሁለት የበረዶ ወቅት ሙሉ ብቻዋን ቁጭ ብላ የስድስት ሺህ አራት መቶ መጻሕፍት ዝርዝር በማሽናችን ከትባለች። ሁሉም አንድ ዲስክ ላይ ነው። ዝርዝሩ ቀድሞ የተጻፈባቸውን የድሮ ካርዶች ሕፃናት ይሥሉባቸው ብላ አድላቸዋለች። አሁን ዲስኩ ቢበላሽብኝስ ብላ ሰጋችና ሁለተኛ ቅጂ እንዴት ልሥራ ብላ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ዊልበር ነው። ቁጥር 318ን አወጣ፤ ርእሱ "ከዲስክ ወደ ዲስክ ቅጂ መሥራት" ይላል። ማሽኑ ሁለት የዲስክ ማስገቢያ አለው፣ ላይኛውና ታችኛው። ለመቅዳት አስቀድሞ ባዶ ዲስክ ታች አስገብቶ ማሰናዳት ያስፈልጋል። በማሰናዳት ጊዜ ማሽኑ ታች ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋዋል። የሴትየዋ ዲስክ ታች ነበር። በስድስተኛው ትእዛዝ የሁለት ዓመት ልፋቷ በአርባ ሴኮንድ ተጠረገ።

"ሰነዴ ላይ ደግሞ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ" አልኳት ደኒስን። "በሣጥን ውስጥ። 'ዲስክዎን ከታች ያውጡ፣ ባዶ ያስገቡ' ይላል። ስብሰባ ተጠራ፣ ወረቀቴን ይዤ ገባሁ፣ ለሁሉም ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ዊልበር 'የተጻፈውን አነበብኩ' ብቻ አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ከስልክ አንሥተው መጋዘን አስገቡት፣ ኩባንያው እስኪዘጋ አሥራ አራት ዓመት ዕቃ ሲያሽግ ኖረ። ያሳዝናል፤ ከሁሉም ጥሩ ድምፅ የነበረው እሱ ነው። ደንበኞች በስሙ ይጠሩት ነበር። እንግዲህ ጻፊ፦ ማስጠንቀቂያው ነበር፣ አንባቢው ዘለለው።"

ደኒስ እስክሪብቶዋን አላነሣችም።

"ሰውየው በሕይወት አለ?"

"አለ። ግሮሰሪ ውስጥ ያየኛል፣ አንገቱን ይነቀንቅልኛል፣ እኔም እነቀንቅለታለሁ።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ሰነዱን እንየው። አንዴ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ያነቡታል።"

"እይው! ማን ከለከለሽ" አልኳት፤ ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት።

"አላየውም፣ ያንብቡልኝ። እንደ ቬራ ልሁን።" ተነሥታ ጥግ ወዳለው የኖርድቫል ማሽን ሄደች። እስካሁን ይሠራል፤ እኛ ስንሠራ እንዲህ ነበር። ከመሳቢያ አንድ ዲስክ አውጥታ ታች ከተተችው። "የማላዝንበት ነው" አለች። "ባሌ የተየበው የቦውሊንግ ነጥብ ነው።"

ከካርቶኑ 318ን አወጣሁ። የምድር ቤቱ ማኅደር ቅጂ ነው፤ ገጾቹ ትንንሽና ባለ ሦስት ቀዳዳ፣ የስልክ ሠራተኞቹ ጠረጴዛ ላይ እንዲመች ተብለው የታተሙ። እኔ ሁሌም የምሠራው መሳቢያዬ ውስጥ ባለው በሰፊው፣ ራሴ በተየብኩት ነበር። ይህን ትንሹን አንብቤው አላውቅም፤ ያው አንድ ነው ብዬ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ አነበብኩላት። ደኒስ ጎበዝ ናት፣ እንደታዘዘችው አደረገች። አራት። አምስት። የገጹ ግርጌ ላይ ስድስት አለ። "ስድስት፣ 'አሰናዳ' ብለው ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ።" ተጫነች። ማሽኑ መንጫጫት ጀመረ።

ገጹን ገለበጥኩ። ከላይ በሣጥን ውስጥ እንዲህ ይላል፦ "ማስጠንቀቂያ፦ ስድስትን ከመፈጸምዎ በፊት ዲስክዎን ከታች ያውጡ፤ ባዶ ዲስክ ያስገቡ።"

ሣጥኑን ደግሜ አነበብኩት።

"ቀጥሎስ?" አለች ደኒስ። ፊቴን ስታይ ግን ተነሥታ መጣች፣ በትከሻዬ አሻግራ አነበበች። ማሽኑ ጠርጎ ጨረሰና ዝም አለ። የባሏ ነጥብ የለም።

ሰፊውን ቅጂም ከሌላ ካርቶን ፈልገን አወጣን። እዚያ ላይ ማስጠንቀቂያው ያለው ከትእዛዝ ስድስት ጎን፣ በቀኝ ኅዳግ ነው፤ ዓይን ሁለቱን አንድ ላይ ያያል። በትንሹ ገጽ ግን ጎን የሚባል ቦታ የለም። አታሚው ሣጥኑን ወስዶ ከትእዛዙ በታች አስቀመጠው፤ በታች ደግሞ ቦታ አልቆ ነበርና ወደ ጀርባው ዞረ። ገጹ ላይ አንድ ቃል አልተለወጠም። ዊልበር የተጻፈውን፣ በተጻፈበት ተራ አነበበ።

ከሁሉ የከፋውን የነገረኝ ግርጌው ላይ ያለው ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ሰነድ ምን እንደተለወጠ፣ ማን እንደለወጠው፣ ማን እንደሞከረው የሚጻፍበት ሠንጠረዥ አለው። እትም ሀ፣ ሞካሪ ቬራ። እትም ለ፣ "የቅርጽ ለውጥ ብቻ፤ ሙከራ አያስፈልገውም። ሎ. ማ." ሎርና ማቲላ። የራሴ እጅ ጽሑፍ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ዓሣ ጥብስ የሚበላበት ቀን፣ ቬራም ወጥ ቤት ውስጥ እጇ ዘይት በዘይት የሆነበት። ቬራን ማስጠራት ያሳፈረኝ ይሁን የራበኝ ይሁን አላስታውስም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ የተፈታው ሰው ላይ ነው።

አፈርኩ። ስለሳትኩ ብቻ አይደለም፣ ሰው ይስታል። አንድ ፎቅ ወርጄ የዊልበርን ወረቀት ሳላይ የራሴን ይዤ ስብሰባ መግባቴ ነው ያሳፈረኝ።

"ቅድም ያልኩሽን ሰርዢው" አልኳት ደኒስን።

"ገና አልጻፍኩትም" አለች። "የፖስታ ቤት ሰው ነኝ፤ አድራሻው ሳይጣራ አልልክም።"

ያን ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ እትም ሐን ጻፍኩ። ሰነድ ሲሳሳት ይታረማል፤ ሠንጠረዡ የተፈጠረው ለዚህ ነው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ዘገየ ተብሎ አይቀርም። ማስጠንቀቂያውን ከስድስት በፊት አመጣሁት፤ በመስመሩ ላይ፣ ማንም ሳያነበው ሊያልፈው በማይችልበት ቦታ። "የለውጡ ምክንያት" የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ "ምናልባት በኅትመት ጊዜ" ብሎ ጀመረ። እንደ ድሮዬ አውጥቼ ጣልኩትና እንደገና ጻፍኩ። ሞካሪ የሚለውን ባዶ ተውኩት።

"እኔ ልፈርም?" አለች ደኒስ።

"አንቺ አይደለሽም" አልኳት።

ዊልበር በየካቲት ወር የት እንደሚገኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከከተማው በስተሰሜን ያለው ሐይቅ በረዶ ሆኖ ሲጠጥር አረንጓዴ የዓሣ ማጥመጃ ጎጆውን ጎትቶ መሀል በረዶው ላይ ያቆማታል፤ እስከ መጋቢት ከዚያ አይወጣም። ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ መኪናዬን ዳር አቁሜ፣ ወረቀቶቹን ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ በእግሬ ገባሁ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማንንም የማልፈራ ሴት ነኝ፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን ሦስት ጊዜ ልመለስ ብዬ ቆሜአለሁ።

አንኳኳሁ።

"ክፍት ነው" አለ ከውስጥ። "ዓሣ ከሆነ ግን በታች በኩል ይግባ።"

ገባሁ። ዊልበር ቀና አለ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቅንድቡ ነጭ ሆኗል፣ ትከሻው ግን ያው ነው።

"ሎርና" አለ።

"ዊልበር።"

"በሩን ዝጊው። ምድጃው የሚያሞቀው እኔን ነው፣ ሐይቁን አይደለም።"

ዘጋሁና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ። መሀላችን በበረዶው ላይ የተቆፈረ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ውስጡ ጥቁር ውኃ፣ ውኃው ላይ ከማጥመጃ ዘንጉ ክር ጋር የታሰረ ቀይ ተንሳፋፊ።

"በረዶው ይችለኛል?" አልኩት፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

"ትናንት የጭነት መኪና ቆሞበት ነበር። ስላንቺ ግን አልጠየቅነውም።"

ትንሿን ወረቀት አውጥቼ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም፤ በዓይኑ ብቻ አያት።

"ገጽ ሁለት፣ ከላይ" አለ።

"መቼ አወቅህ?"

"ስልኩ ጆሮዬ ላይ እያለ ነዋ። 'ኢንተር ይጫኑ' አልኳት። ማሽኑ ሲንጫጫ በስልኩ ይሰማኛል። ገጹን ገለጥኩ። ለራሴ አነበብኩት። ከዚያ 'ታች የከተቱት የትኛውን ዲስክ ነው?' ብዬ ጠየቅኋት።" ተንሳፋፊውን ትንሽ ሳብ አደረገው። "የመለሰችልኝ አሁንም ይሰማኛል።"

"ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገርክም?"

"ተናግሬአለሁ። የተጻፈውን አነበብኩ አልኩ።"

"እሱማ ሰምቻለሁ። ወረቀትህን ለምን አላመጣህም?"

"አንቺ ያንቺን ይዘሽ ነበራ። ሰፊውን። እንዲህ አድርገሽ።" ጓንት ያጠለቀ እጁን ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው፤ ያኔ የነበርኩትን ሎርናን አየኋት። "የእኔ አለመሆኑን ከወንበሬ ሆኜ አየሁ። የእኔው ማኅደሬ ውስጥ ነበር፣ አሥራ ሁለት ደረጃ ወደ ታች። ሎርና የራሷን ሥራ ደግማ ሳታይ አታድርም፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ወርዳ ታየዋለች አልኩ። ሳምንት አለፈ። መጋዘን ገባሁ። ከዚያ ተናደድኩ። ራሷ ትየው እንጂ አልነግራትም አልኩ። እልኸኛ ነኝ፤ ሚስቴን ጠይቂያት።"

"ሠላሳ ስድስት ዓመት?"

"ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ መጠበቅ እችላለሁ።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ረስቼ ነው የኖርኩት። ግሮሰሪ ውስጥ አንገቱን ሲነቀንቅልኝ ሰላምታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በየዓመቱ "አየሽው?" እያለኝ ነው።

"አጥፍቻለሁ ዊልበር" አልኩት። "ሰነዱን ሳላስሞክር አወጣሁት፣ ያንተን ወረቀት ሳላይ ባንተ ላይ ተናገርኩ። አሥራ አራት ዓመት መጋዘን ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ዊልበር ምድጃው ውስጥ አንድ እንጨት ጨመረ።

"መጋዘኑ አልከፋም" አለ። "የከፋኝ ስልኩ ነው። ስልኩን እወደው ነበር።"

"የቤተ መጻሕፍቷ ሴትስ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ከተብኩላት። ሁለት ዓመት። እሷ ታነባለች፣ እኔ እከትባለሁ። አንድ ቀን እንኳ 'አንተ ነህ ያጠፋህብኝ' አላለችኝም፤ ሳንድዊች ታመጣልኝ ነበር። ስንጨርስ ሦስት ቅጂ ሠራን። አንዱ እስካሁን እኔ ቤት አለ።"

ያን ጊዜ እትም ሐን አውጥቼ ሰጠሁት። ይህን ተቀበለኝ። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣና ከግርጌው ጀመረ፤ ዱሮም የስልክ ሠራተኞቹ የተለወጠውን ለማወቅ ከግርጌ ነበር የሚጀምሩት። ድምፁን ሳያወጣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የጻፍኩት ይህን ነው፦ "በእትም ለ ላይ ማስጠንቀቂያው ከትእዛዙ በኋላ መጥቷል። ስሕተቱ የጸሐፊዋ ነው። እትም ለን ለደንበኛ ያነበበው ዊልበር ኦስትቢ በትክክል አንብቧል። ሎርና ማቲላ።"

ሁለት ጊዜ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ብዙ ጊዜ ጠረገው።

"ስሜ በትክክል ተጽፏል" አለ።

"ከዋናው ጎን ለሕዝብ ይወጣል። ደኒስ የምትባል ሴት ይዛዋለች፤ አድራሻ ሳታጣራ አትልክም።"

"ሞካሪ የሚለው ባዶ ነው።"

"ባዶ ነው።"

"የቅርጽ ለውጥ ብቻ ነው፣ ሙከራ አያስፈልገውም ልትዪኝ ነው?"

"አልልህም።"

"እንግዲያው ደንቡን ታውቂዋለሽ" አለኝ።

"እዚህ ማሽን የለም፣ ዊልበር።"

"እኔ መቼ ማሽን ፊቴ ኖሮ ያውቃል? እዚያ ታች ለአሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ያየሁት ግድግዳ ነው። ማሽኑ እዚህ ነው" አለና በጣቱ ግንባሩን ነካ። "እጅሽ ላይ ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። ጓንቴን ሳላወልቅ ሁለት እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገባሁ፤ ባልዲው እንደ በረዶው ይቀዘቅዛል። ዊልበር ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረና ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንድ" አለ። ድምፁ መጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልሰማሁት፣ የማይቸኩል፣ የፈራውን ሰው ሁሉ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ድምፅ። አንድን አንብቦ ቆመ፣ ደንበኛው አድርጌአለሁ እስኪለው ጠበቀ፣ ወደ ሁለት ሄደ። ሦስት። አራት ላይ ቀዩ ተንሳፋፊ ድንገት ጥልቅ ብሎ ወጣ። አየሁት። እጄ ከጭኔ ሥር ነው፣ መናገር የለም፤ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ዊልበርም አይቶታል። ዘንጉ ተንቀጠቀጠ፣ ክሩ ተወጠረ። አላነሣውም። "አምስት" አለ። ክሩ ላላ፣ ዓሣው ሄደ።

"ከመቀጠልዎ በፊት" አነበበ ዊልበር፣ "ዲስክዎን ከታች ያውጡ። ባዶ ዲስክ ያስገቡ።" ደንበኞቹን ከሚጠብቀው በላይ ጠበቀ፣ ዓይኑ ቀዳዳው ላይ ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር፣ ቀስ ብሎ፣ "አወጡት?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ልመልስ አልችልም። ልመልስም የሚገባኝ እኔ አልነበርኩም።

"ጥሩ" አለ። "ስድስት።"

እስከ አሥራ አንድ ዘለቀ፤ አንዱም ላይ አልተደናገረም። እስክሪብቶው ቀዝቅዞ አልጽፍ ስላለው ብብቱ ሥር አድርጎ አሞቀው፣ ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሙሉ ስሙን ፈረመ። አጥፎ አልሰጠኝም። በካፖርቴ ደረት በኩል ራሱ አስገባው፤ የእኔ እጆች ገና ከጭኔ ሥር ነበሩና። ዘንጉን መልሶ ያዘ፣ ክሩን ውኃው ውስጥ አስተካከለ፣ እኔም ከባልዲው ሳልነቃነቅ እጠብቅ ነበር።

"እጅሽን አውጪ፣ ሎርና" አለኝ።